በሊቀመንበሩ ገላ ላይ የወጣው ነገር

በለጠች ወደ ክሊኒኩ የገባችው በጓሮ በር ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር ሚስት በጓሮ በር ስትገባ ሲያይ ወልደጻድቅ ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ባልየው ታሟል፣ ሕመሙም ሰው ፊት የሚያስወጣ አይደለም።

«ጋሽ ወልዴ፣ ቦርሳህን ይዘህ ና» አለችው። «ግን ቦርሳውን ሰው እንዳያየው።»

«ሰው እንዳያየው ከሆነ በምን ልያዘው? በዘንቢል?»

«በዘንቢል ይሻላል» አለች። ቀልዱ አልገባትም፤ ወይም የሚቀልድ ልብ አልነበራትም።

የመርፌውን ሣጥን፣ አልኮሉንና ብልቃጦቹን ዘንቢል ውስጥ ከተተና ከላይ ሽንኩርት ደፋበት። ሃምሳ ዓመት አልፎት መድኃኒት እንደ ኮንትሮባንድ በሽንኩርት ሸፍኖ የሚሄድ ሰው አደረጉት። ያውም ለማን? ለዘገዬ!

ጓድ ዘገዬ ከአብዮቱ በፊት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግሪክ ቡና ቤት አስተናጋጅ ነበር። ትሪ መሸከም አያሳፍርም፤ ዘገዬ ግን ትሪውንም በወጉ አልያዘም፤ ግማሹን ብርጭቆ ሰብሮ ግማሹን ደብቆ ጠጥቶ ነው የኖረው። አብዮቱ ሲፈነዳ ግሪኩ ቤቱን ጥሎ ሄደ፣ ዘገዬ ቤቱ ውስጥ ገባ። ከቤቱ ጋር የግሪኩን ባለመስታወት ቁም ሣጥን ወረሰ፣ የግሪኩን ወንበሮች ወረሰ፣ ሰው እንደሚለው ደግሞ የግሪኩን ሆድ ጭምር ወረሰ።

ወልደጻድቅ ምን ወረሰ? ምንም። በምድር ባቡር ክሊኒክ ከፈረንሳዩ ሐኪም ኋላ ኋላ እያለ መርፌ ሲቀቅል፣ ቁስል ሲያጥብ ዘመኑ አለቀ። የድሬሰርነት ኮርስ ሲመጣ «አራተኛ ክፍል ነህ» ብለው መለሱት፤ በቦታው የላኩት የጸሐፊውን የእህት ልጅ ነው፤ እሱም ዛሬ ድረስ ደም ሲያይ ይዞረዋል ይባላል። ከዚያ አብዮት መጣ፤ የተረሳ ይታወሳል ተባለ። የቀበሌው ክሊኒክ የተከፈተ ዕለት ጓድ ዘገዬ በሕዝብ ፊት ትከሻውን ያዝ አደረገና «ይኸኛው ደግሞ መርፌ ቀቃያችን ነው» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። እንደዚህ ያለ ሕዝብ ነው፤ ሊቀመንበር ካለ ጉንፋንም ያስቀዋል። ከዚያ ወዲህ ወልደጻድቅ በሰፈሩ «ቀቃዩ» ነው። ነርሷን ወደ ጦር ግንባር ከወሰዷት ጀምሮ የሚያክመውም የሚወጋውም እሱ ብቻውን ሆኖ ሳለ፣ ደመወዙም ስሙም የቀቃይ እንደሆነ ቀረ።

ዘንቢሉን አንጠልጥሎ በበለጠች ኋላ ሄደ። ሁዳዴ ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከዚራ ዛፍ ሥር የሚታይ ውሻ እንኳ የለም።

ዘገዬ መኝታ ቤቱን በመስኮት መዝጊያ አጨልሞ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። በእጁ ማበጠሪያ ይዟል፤ በማበጠሪያው ሆዱን ያክካል።

«ማንም አላየህም?»

«ሽንኩርት የምሸጥ ነው የመሰላቸው» አለ ወልደጻድቅ። «መስኮቱን ክፈቺው በለጠች፤ በጨለማ የሚታይ በሽታ የለም።»

መስኮቱ ሲከፈት ወልደጻድቅ ሳይወድ በግድ ትንፋሹን ዋጠ። ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ገላው ተኮፍሷል። አንዱ ምስር የሚያክል፣ አንዱ መዳፍ የሚያክል፣ ጠርዙ የቀላ፣ መሐሉ ገርጣ ያለ እብጠት፤ ጎን ለጎን የነበሩት ተገናኝተው ካርታ ሠርተዋል። ራቁቱን ሳማ ላይ ያንከባለሉት ይመስላል። ቢያንከባልሉት ደስ ባለው ነበር፤ ግን ሳማ ድሬዳዋ ውስጥ ከየት ይመጣል?

«ምንድነው እሱ? ለምጽ ነው? ቁምጥና ነው? ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ፣ ንገረኝ እንጂ!»

«ዝም በል ጓድ፣ ልየው።»

አንዱን እብጠት በጣቱ ጫነው፤ ነጣ፤ ሲለቀው ተመልሶ ቀላ። ግንባሩን ዳሰሰ፤ ትኩሳት የለም። መግል የለም፣ ውሃ የቋጠረ የለም፣ ቅርፊት የለም። የጣቶቹን መሐል ገልጦ አየ፤ እከክ አይደለም። ኩፍኝም አይደለም፤ ኩፍኝ በትኩሳትና በሳል ነው የሚመጣው። 

«መቼ ጀመረህ?»

«ትናንት ከእራት በኋላ ጭኔ ላይ ትንሽ ወጣ። አደርኩና ሳየው ምልክቱም የለም። ዛሬ ምሳ በላሁ፣ ተነሳሁ፣ ይኸው!»

«ምሳ ምን በላህ?»

«ሽሮ።»

«ትናንት ማታስ?»

«ሽሮ አልኩህ! የሰፊው ሕዝብ ልጅ ምን ሊበላ ነው?»

ቤቱ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። በለጠች ወለሉን ታያለች።

«በለጡ፣ ጀርባዬን!» ብሎ ጮኸባት። ማበጠሪያውን ተቀብላ ማከክ ጀመረች፤ ጠበቅ አድርጋ ሳታክ ቀርታ ይሁን አጥብቃ፣ ማበጠሪያውን ነጥቆ የእጇን አንጓ በጀርባው መታት። እሷም እጇን ነጠላዋ ሥር ከተተች። የለመደ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ወልደጻድቅ ግን ገና መስኮቱ ሲከፈት አውቆታል። ፈረንሳዩ ሐኪም «ኡርቲኬር» ይለው ነበር። ሰው የማይስማማውን ነገር በልቶ ወይም ነክቶ ደሙ ሲቆጣ ቆዳው ላይ የሚፈላ እብጠት ነው፤ ይበላል፣ ያቃጥላል፣ ከአንዱ ቦታ ጠፍቶ በሌላው ይወጣል፣ ሲሄድም እንዳልነበረ ሆኖ ይሄዳል። የማይስማማው ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ አፍንጫው ነገረው።

ያለፈው ሳምንት ነው። መድና የምትባለዋን የቀፊራ ገበያ ነጋዴ አንድ ቦንዳ ጨርቅና አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ዓሣ ከጅቡቲ አስገብተሻል ብለው ከገበያ መሐል ያዟት። ስትያዝ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ዘገዬን፣ «ሐቄን አላህ በገላህ ላይ ያሳየኝ!» አለችው፤ ገበያው በሙሉ ሰማ። በማግስቱ ካርቶኑ ከቀበሌው መጋዘን ጠፋ። ዘገዬ ስብሰባ ጠርቶ፣ ሴትየዋ በግብረ አበሮቿ ንብረቱን አሽሽታለች፣ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ብሎ አወጀ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው መኪና መጥቶ ይወስዳታል። በዚያ መኪና የሄደ ሰው እንዲህ በቀላሉ ሲመለስ አልታየም።

ካርቶኑ የት እንደገባ አሁን ታወቀ። ለምን እንደተበላም ታወቀ። ዘገዬ ረቡዕ ረቡዕ በውይይት ክበቡ ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል፤ ቤቱ ግን ሁዳዴን ይጾማል። ከእምነት አይደለም፣ ከፍርሃት ነው፤ ፓርቲውም እግዜሩም ቢቆጡ በሁለቱም በኩል እንዳይጎዳ ነው። ጾሙንም ቢሆን ሆዱ አልቻለውም። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም እየተባለ ካህናቱ ዘንድ የሚያጨቃጭቀውን ነገር ጓድ ዘገዬ በጓዳው፣ በአንድ ድምፅ፣ ይበላል ብሎ ወስኖታል።

ወልደጻድቅ ወዲያው አልነገረውም። ዘመኑን ሙሉ የጠበቃት ሰዓት መጥታለታለች፤ ቶሎ ሊጨርሳት አልፈለገም። ከኪሱ የኮፒ እርሳስ አወጣ፣ ጫፏን በምላሱ አረጠበ፣ በዘገዬ ትከሻ ላይ ያለውን አንዱን እብጠት ዙሪያውን ከበበው።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ምልክት ነው። እንዳትነካው። መርፌ ቀቅዬ እመጣለሁ።»

«መርፌ ቀቃይ» አለ ዘገዬ፤ በዚያ ሁሉ ማሳከክ ውስጥ ሆኖ እንኳ ለዚህ ጊዜ አላጣም።

ወልደጻድቅ ወጥ ቤት ገብቶ ውሃ ጣደ። ውሃው እስኪፈላ የሚናገረውን አስተካከለ። «ጓድ፣ ይህ ኡርቲኬር ይባላል። ከዓሣ ነው። ከየትኛው ዓሣ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።» ከዚያ ፊቱን ያያል። ከዚያ በቃ፤ ከዚያ ሌላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር የለም።

ጩኸት ሰምቶ ሮጠ።

ዘገዬ ባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ፊት ቆሞ ትከሻውን ያያል። የእርሳሱ ክብ እንዳለ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ለስላሳ ቆዳ። እብጠቱ ወደ አንገቱ ወጥቶ ጆሮው ሥር ሌላ አገር መሥርቷል።

«ሄደ! ይሄዳል! ወልዴ፣ ነገርየው በሕይወት አለ፣ ይሄዳል!»

«አዎ፣ ይሄዳል፣ ምክንያቱም…»

«የሴትየዋ ነው!» አለ ዘገዬ። አልጋው ላይ ዘፍ አለ። «በገላህ ላይ ያሳየኝ ብላኛለች! ሰው ሁሉ ሰምቷል! በሽታ ይሄዳል? ቁስል ከትከሻ ተነስቶ አንገት ይወጣል? እስቲ አንተ ስንት ዘመን ሐኪም ቤት ኖረሃል፣ ጋሼ ወልደጻድቅ፣ እንዲህ ያለ አይተህ ታውቃለህ?»

ጋሼ! ወልደጻድቅ ጆሮውን ማመን አቃተው። የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ፣ ሳይንሳዊው ሰውዬ፣ የሶማሌ ነጋዴ እርግማን ፈርቶ እንደ ሕፃን አፍንጫውን ይጠርጋል።

አሁን ምላሱ ጫፍ ላይ ያለችውን ቃል ቢናገር ሰውየው ይረጋጋል። ይረጋጋና ሱሪውን ይታጠቃል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን መድናን ይጭናታል፤ ለወልደጻድቅም ስለ ካርቶኑ ማወቁን የሚያስረሳ ነገር ያዘጋጅለታል። ዝም ካለ ደግሞ እርግማኑ ሥራውን ይሠራል። ግን ያ እብጠት ቶሎ የሚጠፋ ነው። ዘገዬ ሴትየዋን ከመፍታቱ በፊት ገላው ከጠራ፣ ፍርሃቱም አብሮ ይጠራል።

መድናን ይወዳታል? አይወዳትም። ካናቴራ ሸጣለት በመጀመሪያው እጥበት የልጅ ልክ ሆኖ ሲመልስላት፣ «አንተ ወፍረህ ነው» ብላ በሰው ፊት አስቃበታለች። ሁለቱንም በየተራ በንቀት መዘናቸው። የዘገዬ ከበደ።

«እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» አለ። እያንዳንዱ ቃል ጥርስ እንደሚያስነቅል ሰው አመመው። «በሕክምና የሚታወቅ ነገር አይደለም።»

«ልጠራት? አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልበላት?»

«እኔ መርፌ ቀቃይ ነኝ ጓድ። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ ምን አውቃለሁ። ግን አንተን ብሆን ቶሎ ነው የማደርገው።»

በለጠች ቀና ብላ አየችው። 

«ሂጂ፣ ለሰማታር ንገሪው!» አለ ዘገዬ። ሰማታር መድና የታሰረችበትን የቀበሌውን እስር ቤት የሚጠብቀው አብዮት ጠባቂ ነው። «በጓሮ ያምጣት! ሰው እንዳያይ!»

በለጠች እንደወጣች ዘገዬ ወደ መስታወቱ ዞረ፤ ወልደጻድቅም ያን ጊዜ ነው ያየው። የላይኛው ከንፈሩ ማበጥ ጀምሯል። የግራ ዓይኑ ቆብ ተነፍቶ ዓይኑን ሊከድን ነው።

ንቀቱ ለአፍታ ከውስጡ ወጣ። ሮብሌ ትዝ አለው። ሮብሌ የባቡር እሳት ማንደጃ ሠራተኛ ነበር፤ ጅቡቲ ላይ የባሕር ነገር በልቶ ገላው ላይ ይኸው ዓይነት ወጣበት፤ ጓደኞቹ እየሳቁበት ባቡር ላይ ወጣ። ከንፈሩ አበጠ፣ ሳቁ፤ ድምፁ ጎረነነ፣ ሳቁ፤ ትንፋሹ ሲያፏጭ መሳቁን ተዉ። ድሬዳዋ የደረሰው ሬሳው ነው። ፈረንሳዩ ሐኪም ያን ዕለት፣ ቆዳ ላይ ያለው ሲያሳክክ ይሳቃል፣ ከንፈርና ምላስ ሲያብጥ፣ ድምፅ ሲዘጋ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ግን አይቆይም ብሎ ነበር።

«ምላስህን አውጣ። በደንብ ተንፍስ። ስምህን ጥራ።»

«ዘገዬ… ጓድ ዘገዬ።»

ድምፁ ደህና ነው፤ ትንፋሹም አያፏጭም። ግን ይህን ከንፈር አይቶ መቆም አይቻልም። ለዘገዬ ብሎ አይደለም፤ ሮብሌን አንዴ አይቷል፣ ይበቃዋል። ወጥ ቤት ሄዶ መርፌውን ከፈላው ውሃ አወጣ፣ ለእብጠትና ለማሳከክ የሚሰጠውን መድኃኒት ሳበ፤ የባሰ ቢመጣ ብሎም የአድሬናሊኑን ብልቃጥ ደረት ኪሱ ከተተ።

«ምንድነው የምትወጋኝ?»

«ቫይታሚን ነው። እስክትመጣ አቅም ይሰጥሃል።»

ወጋው። መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ገባና ጉዞውን ጀመረ። ከዚህ በኋላ ነገሩ እሽቅድድም ሆነ፤ ወይ መድና ቀድማ ትመጣለች፣ ወይ መርፌው ቀድሞ ይሠራል። ወልደጻድቅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መድኃኒት ሰጥቶ እንዳይሠራ ተመኘ።

ቆዩ። አቦ፣ ይህች ሴት በግመል ነው የምትመጣው? የዘገዬ ከንፈር ባለበት ቆመ፤ አልጨመረም። ጥሩ። የእጁ እብጠት ረገብ አለ። መጥፎ። ዘገዬ ግን በአንድ ዓይኑ በሩን እንጂ እጁን አላየም።

በመጨረሻ በጓሮ በር ገቡ፤ ሰማታር ጠመንጃውን አንግቶ፣ መድና ከፊቱ። ትልቅ ሴት ናት፤ ሳምንት ታስራም ድርያ ቀሚሷ አልተጨማደደም። ዘገዬን ስታየው፣ «ሱብሓነላህ!» ብላ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«መድና፣ እናቴ» አለ ዘገዬ፣ ከአልጋው ወርዶ በጉልበቱ። «አፉ በይኝ።»

መድና ሰማታርን አየች፤ ሰማታር ጣሪያውን አየ። ወልደጻድቅን አየች፤ ወልደጻድቅ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ። ነጋዴ ናት፤ ምን እንደሆነ ባይገባትም አንድ ነገር እየተሸጠ እንደሆነ፣ ሻጯም እሷ እንደሆነች ወዲያው ገባት። የግሪኩን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።

«አፉማ ይባላል» አለች። «አፉ ማለት ለኛ ቀላል ነው። ግን እኔ እስረኛ ነኝ። ዱዓ እስር ቤት ሆኖ እንዴት ይወጣል?»

«ተፈትተሻል! ሰማታር፣ ተፈታለች!»

«ለከፍተኛው ምን እንበል ጓድ?» አለ ሰማታር።

«ተጣርቶ ነፃ ሆናለች በላቸው! እኔ አጣርቻለሁ!»

«ጨርቄስ?» አለች መድና።

«ይመለስልሻል።»

«ዛሬ?»

«አሁን! ስትወጪ ይሰጥሽ!»

ወልደጻድቅ የዘገዬን ሆድ አየ። ካርታው ተበጣጥሷል፤ እምብርቱ ዙሪያ የነበረው አገር ጠፍቷል። ሳል ሳለ።

«ዓሣዬስ?» አለች መድና።

 ዘገዬ በለጠችን አየ፣ በለጠች ወለሉን አየች።

«እሱ… እሱ ጠፍቷል። እየተጣራ ነው።»

«ማን ነው የሚያጣራው?»

ወልደጻድቅ አሁንም ሳለ፤ አጥብቆ።

«ዋርያ፣ ቆይ አንተ! ሰው እየተነጋገረ አይደለም እንዴ?» አለችው። ወደ ዘገዬ ዞረች። «ዓሣው እኮ የኔ ብቻ አይደለም። የእህቴ የሃዎም አለበት። እኔ አፉ ብልህ እሷ አፉ ካላለችህስ?»

«ወይ አምላኬ!» አለ ጓድ ዘገዬ። ሰማታር ይህን ሰማ፤ ጣሪያውን ማየት ቀጠለ።

የዘገዬ ደረት መሐል ለመሐል ጠርቷል። አንገቱና ጀርባው ብቻ ቀሩ። አንዴ ጎንበስ ብሎ ቢያይ አለቀ፤ ይቺ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብላ እንደ ቀፊራ ጨርቅ ትከራከራለች! ንብረቷን ትታ ነፍሷን ይዛ መሄድ የማታውቅ፣ ምን ዓይነት ስስታም ፍጥረት ናት! ወልደጻድቅ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት፣ «መድና!» አለ፤ «ይህን ነገር ካዘገየሽው ለሁላችሁም ይበላሻል። አሁን በይው፣ አሁን!»

ድምፁ ውስጥ የሰማችውን ሰማች። የገበያ ሰው ገበያው የሚዘጋበትን ሰዓት ያውቃል። ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«አፉ ብዬሃለሁ። ሃዎም አፉ ብላሃለች። አላህም አፉ ይበልህ።»

ዘገዬ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ቀና ሲል ሆዱን አየ። ክንዱን አየ። ወደ መስታወቱ ሮጦ ደረቱን ዳበሰ።

«ጠፋ!» አለ። «በለጡ፣ ገና ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ጠፋ!»

መድና እራሷም ደንግጣ እጆቿን ታያለች።

ወልደጻድቅ መርፌውን ጠቅልሎ ዘንቢል ውስጥ ከተተ። ሽንኩርቱን ደፋበት።

ጨርቋን በጋሪ አስጭና የደቻቱን ወንዝ ልትሻገር ስትል ደረሰባት።

«ዛሬውኑ ከዚህ ከተማ ውጪ» አላት። «ነገ አትበይ።»

«ለምን? ሰውየው እንደሆነ ከእንግዲህ ጥላዬንም ይፈራል።»

«የሚፈራሽ እስኪመሽ ነው። ማታ ከእንቅልፉ ሲነቃ ገላው ለስላሳ ነው፤ ትዝ የሚለው መንበርከኩ ብቻ ነው። የተንበረከከ ሰው ደግሞ ሲንበረከክ ያየውን ሁሉ አይወድም።»

ትንሽ አሰበች። «በዚህስ እውነትህን ነው» አለች። ለጋሪው ሰው በሶማሊኛ አንድ ነገር ነገረችው፤ ጋሪው ወደ ቤቷ መሄዱን ትቶ ወደ መኪና መናኸሪያው ዞረ። «ሃዎ ጋ፣ ጅቡቲ ጠረፍ ደወሌ እሄዳለሁ። ሰላም ሲሆን እመለሳለሁ።»

ወልደጻድቅ አልሄደም። አንድ ነገር ጠበቀ፤ ምን እንደሆነ ቢጠየቅ አይናገርም። እሷም መለስ ብላ አየችው፤ ከእግሩ እስከ ራሱ።

«አንተ ግን» አለች፤ «እንዲያ የሚያስልህ ምንድነው? የጤና ሰው ነኝ ትላለህ፣ ደረትህን እንኳ አትታከምም? ሥራ አስፈትተኸኝ ነበር እኮ፣ ወላሂ።»

ያቺ ቃል ከጉሮሮው እስከ ጥርሱ መጣች፤ ኡርቲኬር። ዓሣ። መርፌ። ሁሉንም ቢያፈስላት አታምነውም፤ ብታምነውም መኪና መናኸሪያው ላይ ለሰማ ላልሰማ ታወራዋለች። ዋጣት።

«ብርድ ነው» አለ፤ በዚያ ሙቀት።

ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልሶ ወደ ዘገዬ ቤት ሄደ። መሄድ አልነበረበትም። ግን እንዲህ ያለው እብጠት መድኃኒቱ ሲያልፍ አንዳንዴ ተመልሶ ይነሳል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ብልቃጥ እስካሁን ያልተከፈተ ነው።

ዘገዬ ታጥቦ፣ ካኪውን ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። ከንፈሩ እንደ ድሮው ቀጭን ሆኗል።

«ምን ፈለግህ?»

«ልይህ ብዬ ነው።»

«ምኔን ነው የምታየው? ሙቀት ነው የነበረው። ሙቀቱ ጭንቅላት ላይ ይወጣል። ሰው በሙቀት ብዙ ነገር ይቀባጥራል፤ አንተም ብዙ ነገር የሰማህ መስሎህ ይሆናል።»

«እኔ ምን ሰማሁ ጓድ።»

«ያቺን ሴት ለአንድ ጥያቄ ፈልጌ ሰው ልኬ ነበር። ቤቷ ዝግ ነው አሉኝ።» አንገቱን አከከ፤ ምንም የለበትም፣ እንዲያው ለልማድ። «ያ የወጋኸኝ ምንድነው አልከኝ?»

«ቫይታሚን።»

«የመንግሥት ቫይታሚን ለጤነኛ ሰው ማባከን አሻጥር እንደሆነ ታውቃለህ? ምንም አልሠራልኝም፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የለቀቀብኝ። ለወደፊቱ ትጠነቀቃለህ።»

«እጠነቀቃለሁ።»

ምላሱን ነክሶ ወጣ። ይህን ሰው ያዳነውን እጁን አየው፤ መርፌ ሲቀቅል የኖረ፣ ውሃ የላጠው፣ የማንም ያልሆነ እጅ።

በለጠች የግቢው በር ላይ ጠበቀችው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ተመልሶ ይመጣበታል?»

«ከበላ ይመጣበታል።»

«ምኑን?»

«የማታውቂውን ነገር።»

 ወደ ቤቱ ዞር ብላ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የማላውቀው ነገር ገና ብዙ ቀርቷል» አለች። «አልጋ ሥር ነው።»

«ጣይው። ዛሬ ያበጠው ከንፈሩ ነው። በሚቀጥለው ጉሮሮው ሊሆን ይችላል። ጉሮሮ ከተዘጋ እኔ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ እስክደርስ አይጠብቅም።»

«አንድ ቆርቆሮ ከበላ?»

«አንድ ጉርሻ ይበቃዋል።»

ከውስጥ የዘገዬ ድምፅ መጣ፤ «በለጡ! ውሃው የታለ? እግሬን ማን ሊያጥበኝ ነው? አንቺ ደንቆሮ!»

አልተንቀሳቀሰችም። ማበጠሪያው ያረፈበትን የእጇን አንጓ በሌላው እጇ ይዛ በበራው መስኮት በኩል ባሏን እያየች ቆየች።

«ጣይው አልኩሽ እኮ በለጠች» አለ ወልደጻድቅ።

«ሰምቻለሁ ጋሽ ወልዴ» አለችው። «እስቲ ላስብበት።»